የእማማ አትጠገብ ግራ ፊት

ክረምቱ ገብቶ ደብረ ታቦር ጉም ውስጥ በተቀበረችበት ሰሞን፣ ፈንታሁን ጠዋት ጠዋት ሸራውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ የቀለም ሣጥኑን አንጠልጥሎ፣ ጭቃውን እየዘለለ ወደ እማማ አትጠገብ ቤት መውረድ ሥራው ሆኖ ነበር። ሁልጊዜ ቀድመውት ተቀምጠው ያገኛቸዋል፤ ያው ቦታ ላይ፣ ያው አቀማመጥ፣ የግራ ፊታቸውን ወደ ጭቃው ግድግዳ አስጠግተው፣ ነጠላቸውን በዚያው በኩል እስከ አገጫቸው ስበው። ቤቱ እርጥብ ሱፍና የከረመ ጭድ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ሲያባራ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

ሥዕሉን ያዘዘው የሰፈሩ እድር ነው። እማማ አትጠገብ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላበረዱት ቂም በሰፈሩ የለም። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ጌጡ፣ «ፎቶማ ማንም ያነሳል» አሉት። «እኛ የምንፈልገው ጥበባቸው እንዲታይ ነው። አዳራሹ ገብቶ ሥዕሉን ያየ ሰው ምክር የተቀበለ ያህል ይሰማው።» ለመናገር ቀላል ነው፤ የጥበብ ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አቶ ጌጡም አያውቁም። ፈንታሁን ከአባቱ የተማረው ቅዱሳንን መሣል ነው፤ የቅዱሳን ፊት ደግሞ ከጥንት የተወሰነ ስለሆነ አያስጨንቅም። በሕይወት ያለ ሰው ፊት ሲሥል ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያ ላይ ሚስቱ ጥሩዓለም፣ ሁለት ፅንስ ወርዶባት ካለቀሰች በኋላ፣ ሦስተኛውን ይዛ መውለጃዋ ደርሷል። እሷና ልጁ በሰላም ይገላገሉለት እንጂ ሌላው ሁሉ ለእሱ ትርፍ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን፣ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ወደኔ ዞር ይበሉልኝ» ብሏቸው ነበር።

«በዚሁ ሣለኝ፣ ልጄ።»

«ከጎን የሚሣለው እኮ ኃጥእ ነው። አባቴ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው ለሰይጣንና ለጭፍሮቹ ነበር። ለጻድቅ ሁለት ዓይን ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ እኮ ነው።»

ፈንታሁን ደጋግ ሰዎች እንዲህ ናቸው፣ ራሳቸውን ዝቅ ማድረግ ይወዳሉ ብሎ አሰበ፤ መነኮሳት ሁሉ «እኔ ኃጢአተኛዋ» ሲሉ ሰምቶ አድጓል። ታዲያ እኚህን የመሰሉ እናት በእድሩ አዳራሽ እንደ ጋኔን በአንድ ዓይን ይሰቀሉ? ሰውስ ምን ይለዋል? አልተከራከራቸውም፤ ቀኙን ከሳቸው እየቀዳ፣ ግራውን ቤቱ ገብቶ ከራሱ ሊያሟላው በልቡ ወሰነ። ደግ የሠራ መስሎት ደስም ብሎት ነበር።

እዚያ ቤት ሲመላለስ አንዳንድ ነገር ማየት ጀመረ። ምክር ፈልጎ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳይነግረው፣ በስተቀኛቸው ዞሮ ይቀመጣል። ድመቷ እንኳን ወደ ጓዳ ስትገባ መንገዷን አርዝማ ከኋላቸው ትዞራለች። ከግራ ጉንጫቸው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከሌላው ተለይቶ ጠቁሯል፤ ምርጊቱ እየተፈረፈረ ወርዶ የውስጡ እንጨት ይታያል፣ እንጨቱም በስብሶ እንደ ዱቄት ሆኗል፣ ከዚያ የሚመጣው ሽታ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የተከፈተ ጉድጓድ ሽታ ነው። ዝናብ ያስገባል ማለት ነው ብሎ አለፈው። ጣሪያው ግን በዚያ በኩል አያፈስም ነበር።

ግራውን ዓይን የሣለው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በራሱ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው። ሌላው ጥግ ሁሉ ስለሚጨልም ጥሩዓለምም ሸራው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ያሰበው ቀኙን ዓይን አገላብጦ ሊቀዳው ነበር፤ እጁ ግን ያላሰበውን መንገድ ያዘ፤ ብሩሹ ከቀለሙ ይልቅ ሸራውን የፈለገ ይመስል እየሮጠ፣ ሽፋሽፍቱን፣ ከሥሩ ያለውን ከረጢት፣ የብሌኑን ጥቁረት አወጣው። ሲጨርስ ላብ አጥምቆት ነበር። ዓይኑ ሁሉን የሚያውቅና የማይቸኩል ዓይን ነበር።

ጥሩዓለም ባቄላውን ትታ ቀና አለች። «ውይ፣ ፈንቴ! አሁን ገና ጥበባቸው ታየ» አለችው፤ ዓይኗንም ከሥዕሉ ሳትነቅል ብዙ ቆየች።

ሌላው የሥዕሉ ክፍል ደረቀ፤ ያ ዓይን ግን እርጥብ እንደሆነ ቀረ። የተልባው ዘይት ሽታ ቀስ በቀስ ወደ ረጋ ውኃ ሽታ ተለወጠ። መስኮቱ ላይ በቆርቆሮ የተተከለው በሶብላ፣ ያን ሁሉ ዝናብ እየጠጣ፣ ከነሥሩ ደረቀ። ከመደቡ ሥር ዕንቁላል የታቀፈችው ዶሮ ጭንቅላቷን ክንፏ ውስጥ እንደቀበረች ሞታ ተገኘች፣ ዕንቁላሎቹም ሲሰበሩ ባዶ ነበሩ። ፈንታሁን ፈንግል ነው አለ። 

አቶ ጌጡ ሥዕሉን ለማየት መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝናቡ እስኪያባራ ሥዕሉ ፊት ቆሙ። «እውነትም ምክር የተቀበልኩ ያህል ተሰማኝ» አሉ በቀስታ፣ ምክሩ ምን እንደሆነ ግን አልተናገሩም፤ ሻይ ቢቀርብላቸውም ሳይቀምሱት ሄዱ። በማግስቱ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ጉሙ ውስጥ ከላይ እስከ ታች እየጮኸ ሲወርድ፣ ፈንታሁን ጫማውን እያሰረ ማን እንደሞተ ለመስማት ጆሮውን አቀና። ጡሩምባው የተነፋው ለራሳቸው ለሰብሳቢው ነበር።

ከቀብር ሲመለስ ጥሩዓለምን እዚያው በርጩማዋ ላይ፣ ሸራው ፊት ተቀምጣ አገኛት። ምድጃው ጠፍቷል። እጇ ሆዷ ላይ ነው።

«ልጁ ከትናንት ወዲያ አልተላወሰም» አለችው፣ ዓይኗን ከሥዕሉ ሳታነሳ።

ያኔ የሁሉም መዘዝ ያ ዓይን መሆኑ ገባው። ቢላዋ አንስቶ ዓይኑን ፋቀው፤ ቀለሙ ከሥሩም እርጥብ ነበር፣ ሲፋቅ ለስለስ ብሎ እየተላጠ መጣ፣ ክሩ እስኪታይ ፋቀውና ፍቅፋቂውን ከጠረገበት ጨርቅ ጋር እሳት ለኩሶ አቃጠለው። ጥሩዓለም «ጭሱ! ጭሱ ገባብኝ» ብላ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ጨፈነች። ወዲያው ደግሞ ሳቀች። «ረገጠኝ! ፈንቴ፣ ና እየው፣ ረገጠኝ!» ፈንታሁን ጉልበቷ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ እማማ አትጠገብ ሮጠ። ወንበራቸውን ከግድግዳው አርቀው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ወደ በሩ ዞረው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው የደከሙ፣ በእንባ የረጠቡ፣ የማንኛዋም አሮጊት ዓይኖች ነበሩ።

«ሁለት ዓይን ሰጠኸኝ አይደል?» አሉት እንባቸው እየወረደ። «ዛሬ የልጅ ልጄን ፊት ለፊት አየሁት። አላመንኩም።»

«አጥፍቼዋለሁ፣ እማማ። ፍቄ አቃጥየዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሸራውን ፍቀሃል። ዓይኑ ግን ማደሪያ አያጣም፤ እኔስ ከእናቴ አይደል የተቀበልኩት?» እንባቸውን ጠረጉ። «በዚያ ዓይን ያየሁት ሰው አይሰነብትም ነበር። እናንተ ጥበብ የምትሉት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ላለማየት ፊቴን ማዞሬን ነው። ለመሆኑ ስትፍቀው አጠገብህ ማን ነበር?»

ፈንታሁን ጭቃው ውስጥ እየወደቀ እየተነሳ ወደ ቤቱ በረረ።

ጥሩዓለም ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ደህና ናት፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኖቿም ያው የሚያውቃቸው ውብ ዓይኖች ናቸው። እየሮጠ ሲመጣ ፊት ለፊት አየችው፣ ቆይታም አየችው፣ ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ በሐዘን ተሞላ። እጁን ይዛ አስገባችው፤ መደቡ ላይ አስቀምጣ መዳፉን ሆዷ ላይ አደረገችለት። ልጁ በኃይል ይራገጣል።

«በሰላም እወልደዋለሁ፣ አትስጋ» አለችውና፣ መንገድ የሚወጣ ሰው እንደሚሸኝ ሁሉ የአንገት ልብሱን አስተካክላለት፣ «የልጁን ስም ብቻ ሳትሄድ ንገረኝ» አለችው።