ዝናብ የነካው ድልህ

«ኪያሩን እንዲህ አወፍረሽ የምትከትፊው ለሰው ነው ለከብት?» አለች ዩንቼ።

ቦራም ቢላዋውን አላቆመችም። «ካልጣመሽ ራስሽ ክተፊው።»

«ያሉኝ ሁለት እጆች ናቸው።»

«ምላስሽ ግን አንድ አይመስለኝም።»

ማራገቢያው ፍሪጁ አናት ላይ ሆኖ ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። የደቡብ ኮሪያዋ የዴጉ ከተማ ሐምሌ ነው። ጠዋት የታጠበ ሰው ለቁርስ ሳይቀመጥ ላብ ያጠምቀዋል። የምድጃው ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ማድቤቱ ለአንድ ሰው እንኳ ይጠባል፤ ሁለቱ ልጆች ደግሞ በዚያች ጠባብ ቦታ ክርናቸው እንዳይነካካ ተጠንቅቀው፣ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል።

ዩንቼ ከእናቷ ጋር ወደዚህ ቤት የገባችው በመጋቢት፣ የቦራም አባት እናቷን ያገባ ጊዜ ነው። ከቦራም አንድ ዓመት ትበልጣለች። «እትዬ በያት» ብሏት ነበር የቦራም አባት በመጀመሪያው ቀን። ቦራም ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቺ» እያለች ጠራቻት፤ ከተቻለም ጭራሽ አትጠራትም። ዩንቼም የምትለማመጥ ዓይነት ልጅ አልነበረችም። ሲወረወርባት ትመልሳለች።

ዛሬ የቦራም አያት ከኡይሶንግ ገጠር ይመጣሉ። የሞተችው እናቷ እናት ናቸው። ሠርጉ ላይ አልተገኙም፤ ስልክ ሲደወልላቸውም «እናንተ ደህና ከሆናችሁ ይበቃል» ብለው ይዘጋሉ። ግን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይመጣሉ፣ ዘንድሮም አይቀሩም፤ ምክንያቱም ሰገነቱ ላይ ልጃቸው የሠራችው የበርበሬ ድልህ በጋን ተቀምጧል። አያትየው ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሰላምታም ሳይሰጡ መጀመሪያ ወደ ጋኑ ነው የሚወጡት። በጣታቸው ይቀምሱና፣ ልጃቸውን ያገኟት ይመስል፣ «አለች» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚያናግሩት።

ቦራም ይህን ቀን ከመጋቢት ጀምሮ ስትጠብቀው ኖራለች። በዚህ ቤት ውስጥ ከእሷ ጎን የሚቆም አንድ ሰው ይመጣል።

አባቷ ግን ጠዋት አያቷን ለመቀበል ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሲወጣ ጫማውን እያሰረ አንድ ነገር ተናገረ። «ቀዝቃዛውን ቅልቅል ኑድል በድልህ ሥሩላቸው፤ በዚህ ሙቀት ሌላ ነገር አይበላላቸውም። ዩንቼ ትለውሰው፤ እጇ ይጣፍጣል።»

እጇ ይጣፍጣል። ይህን ቃል አባቷ ለአንዲት ሴት፣ ለእናቷ ብቻ ሲለው ነበር የምታውቀው። 

ዩንቼ ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ ደረጃውን ወርዳ ስትመጣ እጇ ላይ አንድ ትንሽ ሳህን ነበር። ውስጡ ያለው ድልህ ከመጥቆሩ የተነሳ የረጋ ደም ይመስላል። ቦራም አየችው፤ ኪያሩን ተወችው።

«ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከጋኑ።»

«ማን ፈቀደልሽ? የሱቅ ድልህ ፍሪጅ ውስጥ አለላችሁ አይደል! ይዛችሁት የመጣችሁት!»

«አባትሽ ናቸው ከጋኑ ቅጂ ያሉኝ። እማማ የሱቁን አይነኩም አሉ።»

«እማማ? እማማሽ ናቸው እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ‹የቦራም አያት ሆይ›?» ዩንቼ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጠንከር አድርጋ አስቀመጠችው። «ስሚ፣ ሙድ አትያዢብኝ። እኔም እዚህ የመጣሁት ለምኜ አይደለም። እናቴ ዛሬ የሰው ተራ ለምና ሥራ የገባችው ለምን ይመስልሻል? ሴትዮዋን ፈርታ ነው። ስለዚህ ፈተናውን የምፈተነው እኔ ነኝ። አንቺ ኪያርሽን ክተፊ።»

ቦራም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቤታቸው የመጨረሻው ደርብ ነው፤ ሰገነቱ ጥቂት ደረጃ ብቻ ከፍ ስለሚል ከማድቤቱ መስኮት ይታያል። ጋኑም እዚያው በግድግዳው ጥግ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ክዳኑ ግን መሬት ላይ ነበር።

ረስታው አይመስልም። ከጋኑ አጠገብ በሥርዓት፣ በጀርባው ተንጋሎ ተቀምጧል። ዩንቼ ድልህ ፀሐይ እንደሚወድ ከአንድ ሰው ሰምታለች ማለት ነው። እውነት ነው፣ ይወዳል። ነገር ግን በዝናቡ ወር ጋን ከፍቶ ወደ ቤት የሚገባ የለም። የከፈተ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህን፣ ጋን ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዩንቼ ያደገችው አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው።

ከተራራው ወገን ሰማዩ ጠቁሯል።

ቦራም አፏን ከፈተች። «ክ…»

«ምን?»

«ምንም።»

ስልኩ ጮኸ። አባቷ ነው፤ ከመናኸሪያው ተነስተዋል። ዩንቼ ኑድሉን በፈላው ውሃ ላይ በተነችው። ቅልቅል ኑድል እንግዳ አይጠብቅም፤ እንግዳው ነው የሚጠብቀው። ከተለወሰ በኋላ ትንሽ ከቆየ ያብጥና ሊጥ ይሆናል። አረፋው ገንፍሎ ሊወጣ ሲል ዩንቼ አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረችበት፤ አረፋው ቁጭ አለ። እንደገና ገነፈለ፤ እንደገና ጨመረች። ጥሩ አድርጋ ትሠራለች። ቦራምን ያበገናትም ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ጠብታ መስኮቱ ላይ አረፈ።

ጭስ መሳቢያው ያጓራል፣ ማራገቢያው ይንኳኳል፤ ዩንቼ ጀርባዋን ሰጥታለች፣ አልሰማችም። ቦራም ግን ሰምታለች። አያቷ ሲመጡ መጀመሪያ የሚወጡት ወደ ሰገነቱ ነው። ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም። በዓይናቸው ያዩታል። ከዚያ በኋላ ይህቺ ልጅ በዚህ ቤት ቀና ብላ አትሄድም፤ እናቷም አትሄድም።

ይግባበት፣ አለች በልቧ።

«ላጠልለው ነው፣ እጠቢ!» አለች ዩንቼ። ኑድሉ ወንፊቱ ላይ ተገለበጠ፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው። ቦራም ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቀችበትና ኑድሉን እንደ ልብስ ታሸው ጀመር። ሲታሽ ነው ሙልጭልጩ የሚወጣው። የመጀመሪያው ውሃ ወተት መሰለ። ሁለተኛው ሳሳ። አሸችው፣ አሸችው፤ ጣቶቿ በቅዝቃዜው ደነዘዙ። ዝናቡ ውጭ እየወፈረ ነበር፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ታሻለች።

ዩንቼ ድልሁን በአቼቶ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በፕሪም ሽሮፕና በሰሊጥ ዘይት በጥብጣ ጨርሳለች። በማንኪያ ጫፍ ቀዳችና ወደ ቦራም አፍ ዘረጋችው።

«ቅመሺ።»

«አልፈልግም።»

«እኔ የእናትሽን እጅ አላውቀውም። ምን እንደሚጎድለው የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ቅመሺና ንገሪኝ፤ ከዚያ ጥላቻሽን ትቀጥያለሽ።»

ቦራም እጇ እርጥብ ስለነበር ማንኪያውን ልትገፋው አልቻለችም። ቀመሰችው።

መጀመሪያ የሚመጣው ጣፋጩ ነው፤ እንደ ተቆላ እህል ያለ። ማቃጠሉ ቆይቶ፣ ሰው ከረሳው በኋላ፣ ከጉሮሮ ሥር ይነሳል። እናቷ እስከ ክርኗ በበርበሬ ቀልታ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ «ዓይንሽን እንዳትነኪ!» ትላት ነበር። ቦራም ግን ነካች። ሁለቱም በዝናብ ማጠራቀሚያው ባልዲ ፊቷን እያጠቡ ሳቁ። የእናቷ ልብሶች ለሰው ተሰጥተዋል፣ አልጋውም ተቀይሯል። በዚህ ቤት ከእጇ የቀረው ያ ጋን ብቻ ነው።

እሷ ደግሞ ዝናብ ሲገባበት ቆማ ኑድል ታጥባለች።

ማንኪያው መሬት ሲወድቅ ሰማችው፤ እሷ ግን ደረጃው ላይ ደርሳ ነበር። ዶፉ ጀርባዋን ገረፋት። ክዳኑ በውሃ ተሞልቶ ከብዷል። ገለበጠችው፤ ጋኑ ላይ ገጠመችው። ከመግጠሟ በፊት ግን አየች፤ በድልሁ ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ጠብታዎቹ ቀይ አረፋ ያስነሳሉ።

ስትወርድ ዩንቼ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከቦራም ፀጉር የሚንጠባጠበውን ውሃ አየች፣ ወደ ሰገነቱ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ሸሸ።

«ክዳኑ…» አለች። «እኔ ፀሐይ እንዲያገኝ ብዬ…»

 የውጭው በር ተከፈተ።

አያትየው ጃንጥላቸውን እንኳ አላጠፉም። «ልጄ» ብለው የቦራምን ጉንጭ ነኩና በሁለቱ ልጆች አጠገብ አልፈው ወደ ሰገነቱ ወጡ። አባቷ ቦርሳቸውን ታቅፎ ቀረ። የሐምሌ ዝናብ እንደመጣ ይሄዳል፤ እሳቸው ሲመለሱ አባርቶ ነበር። ከላይ የቀፈፉትን የረጠበ ድልህ በጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል። «አለች» አላሉም።

«ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች ዩንቼ ወዲያው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፀሐይ…»

«ፀሐይ!» አያትየው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «እናትሽ ክዳን መግጠም አላስተማረችሽም? የሰው ቤት ገብቶ ጓዳ መክፈት ብቻ ነው ያስተማረችሽ?»

የዩንቼ ጆሮ ቀላ። የቦራም አባት «እማማ፣ ልጅ ናት እኮ፣ እኔ ነኝ ቅጂ…» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል። አንተን ማን አናገረህ?» ወደ ቦራም ዞሩና የረጠበ ፀጉሯን ዳበሱት። «ይህቺ ባትደርስለት ኖሮ አልቆ ነበር። የልጄ ልጅ።»

ከመጋቢት ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረችው እጅ ነበር። ራሷ ላይ ከበዳት።

ገበታው ቀረበ። ኑድሉ በየሳህኑ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ኪያሩና በበርበሬ የኮመጠጠው የፊጅል ቅጠል ኪምቺ፣ ከሁሉም በላይ ግማሽ ግማሽ እንቁላል፤ የተበጠበጠው ድልህ ገና አልተለወሰም፣ መሃል ላይ ለብቻው ተቀምጧል። አራቱም ተቀመጡ። አያትየው ቾፕስቲካቸውን አላነሱም፤ እሳቸው ካላነሱ ደግሞ ማንም አይነካም። ኑድሉ እያበጠ ነው። የረጠበውን ድልህ ሳህን በአንድ ጣት ገፍተው ዩንቼ ፊት አደረሱት።

«ውሃ የነካው አይቀመጥም፤ ይሻግታል። ዛሬ ማለቅ አለበት። አንቺ ልጅ፣ ጀምሪ።»

«እርስዎ ሳይጀምሩ?» አለች ዩንቼ።

«ጀምሪ አልኩሽ።»

አባትየው ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ታላቅ ሰው ሳይጀምር ብቻህን ብላ መባል ከገበታው ተነስ ከመባል አይለይም፤ ሁሉም ገብቷቸዋል። ዩንቼ ግን አላለቀሰችም። የመለወሻ ላስቲክ ጓንት አጠለቀች፣ ድልሁን ኑድሏ ላይ ገለበጠች፣ ለወሰችው፤ ሳህኑ ውስጥ ነጭ የሚባል ነገር አልቀረም። ጎረሰች። ሁለተኛ ጎረሰች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ላቧ አገጯ ላይ ደረሰ፤ አጠገቧ ያለውን የበረዶ ውሃ አልነካችም።

ቦራም የራሷን ሳህን ታያለች። ኪያሩ ወፍራም ነው። እውነት ነው፣ ለከብት ነው የከተፈችው።

«አያቴ» አለች።

«እህ፣ ልጄ።»

«ክዳኑ ክፍት መሆኑን ከመስኮት አይቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ደመናው ሲመጣ።»

«እና?»

«ዝም አልኩ።» ድምፅዋ ከገበታው አልፎ የሚሄድ አልነበረም። «ዝናቡ ሲጀምርም ሰምቻለሁ። ኑድል እያጠብኩ ነበር።»

የዩንቼ ጉርሻ አፏ ላይ ቆመ። አባትየው ቀና አለ። አያትየው ግን ዓይናቸውን ከቦራም አላነሱም፤ ቦራምም እንዲህ አይተዋት እንደማያውቁ ገባት። ማራገቢያው ብቻ ይንኳኳል።

ቦራም እጇን ዘርግታ የረጠበውን ድልህ ሳህን ከዩንቼ ፊት ሳበችው። ከሥሩ የቀረውን ሁሉ በማንኪያ ጠርጋ ራሷ ኑድል ላይ አደረገችው።

«በዛ» አለች ዩንቼ በተቃጠለ ድምፅ፣ ሳታያት። «አትችይውም።»

«አቦ ተይኝ» አለች ቦራም፤ መለወሷንም ቀጠለች።

የአያቷ ቾፕስቲክ አሁንም ከገበታው ላይ አልተነሳም። ቦራም የራሷን አነሳች።