ግማሽ ቢጫ መስመር

ሟቹ ፍሬን እንደረገጠ ነው የሞተው። መኪናዋ ከዳገቱ ጫፍ ያለውን መታጠፊያ ትታ ቀጥ ብላ ወጣችና ከታች ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመች፤ ሰውየው ግን እስከ መጨረሻው በቀኝ እግሩ ፔዳሉን ይገፋ ነበር። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጫማውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። የፔዳሉ ጎማ ቅርጽ ሶሉ ላይ ታትሞ ቀርቷል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። አጭርና ቀጭን ናት፤ ሰው ሲያለቅስ አብራ አትነፋረቅም፣ ሰው ሲቆጣም አትደነግጥም። በዚህ የተነሳ የሚወዳት ሰው ጥቂት ነው። እሷም ብትሆን ደመወዝ የሚከፈላት ለመወደድ አይደለም።

ከላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ጠብ ተነስቷል። አንድ ጎልማሳ ሌላውን በሸሚዙ አንገትጌ አንቆ ይንጠዋል።

«አንተ አልነበርክም እንዴ መንዳት የነበረብህ? ለምን እሱ ነዳ? ንገረኝ፣ ለምን እሱ?»

«ቁልፉን ከእጄ መንትፎኝ ሄደ! ስንት ሰው አይቷል!»

«ፍሬኑ የበጠሰ መኪና ሰጥተኸው ነው! ነፍሰ ገዳይ!»

አናቂው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። የታነቀው ደግሞ መኪናዋ ላይ ለሞተሩ አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ የገጠመው መካኒክ፣ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። የወንድማማቾቹ እናት መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። ምራቷ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ በጥፊ መለሰችላት።

«አትንኪኝ! ወንድምሽ ልጄን በላው። ከቤቴ ትወጫለሽ! የልጅ ልጆቼን ግን ትተሽልኝ ነው የምትወጪው፤ የነፍሰ ገዳይ እህት አታሳድጋቸውም!»

ምራቲቱ የተመታ እጇን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቤቱ የአማቷ እንደሆነ፣ ወንድሟ ከታሰረ ደግሞ የሚቆምላት ሰው እንደሌለ ታውቃለች። ፖሊሶቹም ካቴናውን አውጥተው ትእዛዝ እየጠበቁ ነበር።

መርፌ ወደ ተላተመችው መኪና ተመለሰች። ፍሬን ሲበጥስ ፔዳሉ ወለል ድረስ እንደሚሰምጥ ሾፌር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ይኼኛው ግን አንገቱ ከመጣመሙ በስተቀር ወዴትም አልሰመጠም። የፍሬን ዘይቱም ሙሉ ነው።

«ማንንም እንዳታስሩ» አለች። «ማንም ግን ርቆ እንዳይሄድ።»

ጋራዡ በዘይት የጠቆረ ወለል ያለው ሰፊ አዳራሽ ነው። መካኒኩ ሸሚዙ እንደተቀደደ ገብቶ ለመቀመጥ እንኳ አልፈለገም።

«እኔ እኮ ለምኜዋለሁ ኢንስፔክተር! ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስበት መኪና ላይ ቱርቦ ምን ይሠራልሃል ብዬዋለሁ። እምቢ ካልክ፣ አልኩት፣ ግፊቱን ዝቅ እናድርግ፤ የነዳጅ ፓምፑን፣ ኢንጀክተሩን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ፍሬኑን ሁሉ ለእሱ የሚመጥን እናድርግለት። እሱ ግን ዓይኑ ቱርቦው ላይ ብቻ ነው። ‘ፍሬን ምን ይፈይድልኛል፣ እኔ መሮጥ ነው የምፈልገው’ ይለኛል። ጉድ እኮ ነው!»

«ቀየርክለት ወይስ አልቀየርክለትም?»

«ዲስኩንም ሸራውንም ቀይሬያለሁ፤ ተሰድቤም ቢሆን። ሰርቮው ግን ደህና ስለነበር የፋብሪካውን ተውኩት።»

«ሰርቮ ምንድን ነው? እንደማያውቅ ሰው አስረዳኝ።»

መካኒኩ ጥያቄው ወጥመድ መስሎት ዓይኑን አፍጥጦ አያት። ከዚያ የሥራው ነገር አሸነፈው።

«ፍሬን ሲረግጡ እግርዎን የሚያግዝ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ ከሰርቮው ሆድም በቱቦ ይስባል፤ ፔዳሉ የሚለሰልስልዎት በዚያ ነው። ቱርቦ ግን ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት አየሩን በዚያው ቱቦ ወደ ሰርቮው መልሶ ይነፋል። እንዳይነፋበት ቱቦው መሃል አንዲት ቫልቭ አለች፤ አየር ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የምታሳልፈው። እሷን በአፌ ነፍቼ ሞክሬያታለሁ። ፋሼታዋን አጥብቄ ቀለም ቀብቼባታለሁ።»

«የምን ቀለም?»

መካኒኩ አጠገቡ የቆመ መኪና ኮፈን ከፍቶ አሳያት። ያጠበቀው ብሎንና የቱቦ ማጥበቂያ ፋሼታ ሁሉ ላይ በቀጭን ብሩሽ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ መስመሩ ከማጥበቂያው ተነስቶ እስከተጣበቀው ዕቃ ይዘልቃል።

«መስመሩ ከተቋረጠ ከእኔ በኋላ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። ሠራተኞቼ ‘ሠዓሊው’ እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።»

«ወንድምየው አንተ ነህ መንዳት የነበረብህ ይላል።»

«ልክ ነው። እዚህ ቤት ደንብ ነው። አዲስ ቱርቦ የተገጠመለትን መኪና ያንን ዳገት መጀመሪያ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ የማወጣው እኔ ነኝ። ከዚያ ለባለቤቱ እሰጥና ለጊዜው ቀስ ብለህ ንዳ እለዋለሁ። ዛሬም ከምሳ መልስ ልወጣ ስል መጣብኝ። ቆይ አልኩት። ‘በገዛ መኪናዬ!’ ብሎ ሰደበኝ፣ እኔም ሰደብኩት። የመጨረሻ ቃሌ ለአማቼ ስድብ ነው፣ ይገባዎታል?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘበኛው ደግሞ ሲጠየቅ ገና ተቆጣ።

«እኔ በር ነው የምጠብቅ፣ ኮፈን አይደለም! በምሳ ሰዓት ማን መጣ? እህትየው ለወንድሟ ምግብ ይዛ መጣች። መኪናዋን ጎማዋ ላይ በእርግጫ ብላት ሄደች። ከዚያ የሟቹ ወንድም መጣ፣ ጋስኬት ላቀብል ብሎ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ዘጋው። በወንድሙ መኪና ምን ቤት ነኝ እኔ?»

መርፌ ሟቹ ቤት ስትደርስ የተቀበላት ሰው የለም። እናትየው ሳሎን ውስጥ ከዘመዶቿ ጋር ናት፤ ሚስትየዋ ማድ ቤት ብቻዋን ቆማለች። ጣሪያው ያፈሳል፤ ወለሉ ላይ ባልዲ ተደቅኗል።

«አዎ፣ በእርግጫ ብያታለሁ» አለች ሚስትየዋ። «ይኸው ጣሪያችን፤ እሱ ለመኪና ሳንባ ይገዛል! ብጠላት ይፈረድብኛል?»

«ባልሽንስ ትጠይው ነበር?»

«አንዳንድ ቀን። አንቺ አግብተሽ አታውቂም መሰለኝ።»

መርፌ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። «ወንድምሽ ከማን ጋር ነው የተጣላው?»

«ከማን ጋር ነው ያልተጣላው ብትይኝ ይቀለኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ከባሌ ወንድም ጋር ያለው ነው። አስመስሎ የተሠራ ቱርቦ ‘ኦርጅናል ነው’ ብሎ የባሌ ወንድም ለአንድ ደንበኛ ሸጦ ነበር፤ ወንድሜ ያን ቱርቦ ግቢ መሃል አውጥቶ ሰው ሁሉ እያየ በመዶሻ አደቀቀው። ሌባ አለው። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ጋራዥ ከእሱ ዕቃ አይገዛም። የኛም ቱርቦ ሲገዛ ባሌ ሌላ ሱቅ ሄደ፤ ለወንድሙ የቀሩለት ጋስኬትና ትንንሽ ነገሮች ናቸው።»

የታናሽ ወንድሙ ሱቅ ከወለል እስከ ጣሪያ በዕቃ ታጭቋል። እሱ ለቀብሩ ገንዘብ ሊወስድና ሱቁን ለሻጩ ሊተው ጎራ ብሎ ነበር፤ መርፌ ስትገባ ደም ሥሩ ተገታትሮ ከባንኮኒው ኋላ ተነሳ።

«እስካሁን አላሰራችሁትም? ወንድሜ አፈር ሊለብስ ነው፤ እሱ ጋራዡ ውስጥ ይንጎራደዳል!»

«ዛሬ ጋራዡ ለምን ሄድክ?»

«ጋስኬት ላደርስ። ምነው፣ ወንጀል ነው?»

«ኮፈኑንስ?»

«የወንድሜ መኪና ነው! ቱርቦዋን ላይ ብዬ ነዋ!»

በዚህ መሃል አንድ ደንበኛ ገብቶ ያረጀ የበር እጀታ ጠየቀ። ሰውየው ሐዘኑንም ቁጣውንም ለአፍታ ትቶ ከአንድ ጣሳ ውስጥ ፈልጎ አወጣለትና፣ «ያገለገለ ነው፣ ግን የፋብሪካው ነው። ኦርጅናል ነገር ይጣላል እንዴ?» አለው። መርፌ ጣሳውን አየችው፤ ከጎኑ የተደረደሩትንም አየቻቸው። ደህና ዋል ሳትለው ወጣች።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየው አልመጣም ብላ ነበር፤ «የልጅዎን ገዳይ አሳይዎታለሁ» ስትባል መጣች። ወንበር ላይ ተቀምጣ መካኒኩን በዓይኗ ትበላዋለች። ታናሽ ልጇ ከኋላዋ ቆሟል። ሚስትየዋና ወንድሟ ከወዲያ ማዶ ናቸው። በመሃላቸው አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠ ጥቁር ቱቦ።

«ፍሬኑ አልበጠሰም» ብላ ጀመረች መርፌ። «ሟቹ ፔዳሉን ረግጧል፤ ፔዳሉ ነው እምቢ ያለው። ይቺ የሰርቮው ቫልቭ ናት። ወደ አንድ ወገን ብቻ ነበር ማሳለፍ የነበረባት።» አንስታ በአንድ ጫፏ ነፋች፤ አዙራም ነፋች። በሁለቱም ወገን አየሩ ሽው ብሎ ወጣ። «ሆድ ዕቃዋ ወጥቷል። ከውጭ ለሚያያት እንከን የላትም።»

«በቃ!» ጮኸ ታናሽ ወንድሙ። «ራሱ ነው የገጠማት!»

«እሱ የገጠመው የፋብሪካውን ነው። ይቺ አዲስ ናት። ደግሞ ፋሼታው ላይ ቢጫ መስመር አለ፤ ግማሽ ብቻ። የቀረው ግማሽ ቫልቯ ላይ መሆን ነበረበት፤ እሷ ላይ ግን ጠብታ ቀለም የለም። ሰው ከእሱ በኋላ ቀይሯታል።»

«ቀለሙን ማን ቆጠረው! ቫልቯ ባዶ ከሆነች ወንድሜ ዳገቱ ድረስ እንዴት በደህና ሄደ? ከተማ መሃል ፍሬን አልያዘም?»

«ጥሩ ጠየቅክ። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ቫልቯ ኖረች አልኖረች ልዩነት የለውም። ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ ነው አየሩ ተመልሶ ሰርቮውን የሚሞላው። ያኔ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ለአንድ አፍታ ነው፤ እዚያ መታጠፊያ ጋ ግን አንድ አፍታ ይበቃል።» መርፌ ወደ እናትየው ዞረች። «ስለዚህ ወጥመዱ የተጠመደው መኪናዋን ለያዘ ሰው ሁሉ አይደለም። ያንን ዳገት ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ ለሚወጣ ሰው ነው። በደንቡ መሠረት ያ ሰው ማን ነበር?»

 መካኒኩ ቀስ በቀስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ» አለ። «እኔ ነበርኩ።»

«አንተ ነበርክ። ሰው ለራሱ ወጥመድ አያጠምድም፤ እህትህም ያላትን አንድ ወንድም አትገድልም። ሟቹን ሊገድል የፈለገ ሰው አልነበረም፤ አንተን ሊገድል የፈለገ ግን አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ አንቆህ ‘ለምን እሱ ነዳ’ ያለህ ሰው ነው። ሁሉም ሐዘን መሰለው፤ እኔም ለጊዜው መስሎኝ ነበር።»

«ውሸት ነው! እማዬ፣ አትስሚያት!»

መርፌ እጇን ኪሷ ከትታ ትንሽ የጠቆረች ቫልቭ አወጣች። «ይቺን ዛሬ ጠዋት ባልደረባዬ ሱቅህ ሄዶ ገዛት። የዚያች መኪና ሰርቮ ቫልቭ፣ ያገለገለ፣ ኦርጅናል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሻጭህ ከጣሳው አወጣለት። ወንዝ ብትጥላት ኖሮ መቼም አላገኛትም ነበር። አንተ ግን ኦርጅናል ዕቃ መጣል አይሆንልህም።»

ቫልቯን ፋሼታው ሥር ሰክታ አዞረችው። ሁለቱ ግማሽ መስመሮች ተገናኙ።

ታናሽ ወንድሙ ጠረጴዛውን ገፍቶ መካኒኩ ላይ ሊወረወር ሲል ፖሊሶቹ ያዙት። «አንተ ነበርክ!» እያለ ጮኸ። «አንተ ነበርክ መሞት የነበረብህ! ሰው ፊት ሌባ ያልከኝ አንተ! እሱን ማን ንዳ አለው? ማን አለው?» ከዚያ እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። «እማዬ፣ እሱ መሆኑን አላወቅኩም! በአባዬ አፅም አላወቅኩም!»

እናትየው አልዞረችም። እየጎተቱ ሲያወጡት «እማዬ» የሚለው ድምፁ ከግቢው እስኪርቅ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቱቦ እያየች ቆየች።

«ትናንት ገዳዩ ይሰቀል እያልኩ ስጮህ አጠገቤ ሆኖ ደግፎኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ክንዴን ይዞ።»

መርፌ ማጽናናት አትችልበትም፤ አልሞከረችምም። ሚስትየዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ልጆቹን ከቀብሩ እንዲርቁ ካቆየችበት ዘመድ ቤት የምታመጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ከእንግዲህ በእግር ነው የምታመጣቸው። በር ላይ ስትደርስ አማቷ ጠራቻት። ድምጿ የትናንቱ አልነበረም።

«ልጆቹን… ወደ ቤት ነው የምታመጫቸው?»

«ወደ ወንድሜ ቤት» አለች ሚስትየዋ፤ ወጣችም።