የደረተ ቀዮቹ መሳቢያ

ሰኞ ጠዋት እንደ ሌላው ሰኞ ነበር። ሽማግሌው የወፍ ስም ሰብሳቢ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሱ። ፊታቸውን ታጥበው ሹራባቸውን ገልብጠው ለበሱ፤ አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ስቃ አስወለቀቻቸውና አስተካክላ አለበሰቻቸው። አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ይዛላቸው ፎቅ ወጣች። የሥራ ክፍላቸውን መስኮት ሲከፍቱ ትንሿ ደረተ ቀይ ወፍ ደፉ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

«ደጃፌ መጥታለች» አለች ልጅቱ።

«ደጃፌማ መቼ ቀርታ ታውቃለች!» አሉ ሽማግሌው።

ሁለት ሰዓት ላይ ረዳታቸው መጣ። ልጅቱ ልብስ ልታሰጣ ግቢ ወረደች። ለሦስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ወንበር ሲወድቅ ሰማች። ሮጣ ስትደርስ አጎቷ ባስመለሱት ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ረዳቱ ከእሷ ቀድሞ ደርሶ በራፉ ላይ ቆሟል።

መጀመሪያ ልባቸው ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን አልተዋጠለትም። ሐሙስ ዕለት ውጤቱን ይዞ መጣ፤ በሆዳቸውም በሻይ ብርጭቋቸውም ውስጥ የወፍ ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚነሰነሰው ነጭ መርዝ ተገኝቷል። ሻዩን ያፈላችው ደግሞ ልጅቱ ናት። ፖሊሶች ሊያስሯት ተዘጋጅተው ሳለ አለቃቸው «ቆዩ፣ መርፌ ትየው» አለ።

መርፌ የሚሏት መርማሪዋን ነው። ቀዳዳ በሌለበት ትገባለች ብለው ነው ስሙን ያወጡላት፤ እሷ ግን ሲጠሯት ሰምታ አታውቅም፣ ወይም እንዳልሰማች ትሆናለች።

ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ ታሽጎ ነበር። አብሯት የመጣው ወጣት ፖሊስ ማሸጊያውን ቀዶ በሩን ሲከፍተው ሁለቱም ወደ ኋላ አሉ። የናፍታሌን ሽታ ነበር፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ጣፋጭ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሌላ ሽታ አለ።

«ሬሳው ሰኞ ዕለት አልወጣም እንዴ?» አለ ፖሊሱ አፍንጫውን ይዞ።

«ወጥቷል። ይህ ሌላ ነው።»

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መሳቢያ ነው። በግራ በኩል የስም ካርዶች፣ በቀኝ በኩል ጥጥ ላይ በጀርባቸው የተኙ፣ እግራቸው ላይ ወረቀት የታሰረላቸው የደረቁ ወፎች። መርማሪዋ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተች አሸተተች። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመች። «ደረተ ቀይ» ይላል።

አሥር ወፎች ነበሩ። ዘጠኙ እንደ ወረቀት ቀለዋል። አሥረኛዋ ግን ከብዳለች፤ ከሥሯ ያለው ጥጥ ረጥቦ ቢጫ ሆኗል፣ የሆዷ ላባ ይንቀሳቀሳል። ላባውን በእርሳስ ጫፍ ገለጥ ስታደርገው ትሎቹ ታዩ። ፖሊሱ ወደ መተላለፊያው ሮጠ። መርማሪዋ በወፏ እግር ላይ የታሰረውን ወረቀት አነበበች። በግራ እጅ የተጻፈ በሚመስል ጠማማ ፊደል «የንጋት ፍም» ይላል። በምንቃሯ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ደርቋል። ወፏን ለሐኪሙ ላከችለት።

በመጀመሪያ ያናገረችው ወፍ የሚሰፋውን ሰውዬ ነው። ሰላሳ ዓመት የወፍ ሆድ ዕቃ አውጥቶ ገለባ ሲሞላ ስለኖረ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ገለባ ይለዋል። የሥራ ክፍሉ ከግቢው ጋር ትይዩ ነው፤ መርዙም የእሱ ነው፣ ቁም ሳጥኑ ቁልፍ የለውም።

«ሰኞ ጠዋት የት ነበሩ ጋሽ ገለባ?»

«እዚሁ። መስኮቴ ላይ። ልጅቱን ሳያት ነበር... በክፉ አይደለም እመቤቴ! ልብስ እያሰጣች ስትዘፍን ነው። ድምጿ ደግሞ ለራሷ እንኳ አይጥማትም። ወንበሩ እስኪወድቅ ከገመዱ አልተንቀሳቀሰችም።»

«መርዝዎ ሰው ገደለ።»

«እኔ የሞተ እሰፋለሁ እንጂ ያልሞተ አልገድል።»

ስለ አሥረኛዋ ወፍ ስትነግረው ግን ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ሆድ ዕቃዋ ያልወጣ ወፍ? ከኔ ወፎች መሃል? አንድ ትል እኮ መሳቢያ ሙሉ ይጨርሳል! የትኛው ከይሲ ነው? ሰላሳ ዓመቴን አስበላኝ!» ጠረጴዛውን በጡጫ መታ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ለሰውየው እንዲህ አልቅሰዋል?» አለች መርማሪዋ።

«ሰውማ ይሞታል» አለ ጋሽ ገለባ አፍንጫውን እየጠረገ።

አንገሸገሻት። ቢሆንም እውነቱን እንደሆነ አወቀች።

ልጅቱ ኩሽና ውስጥ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር።

«እትዬ፣ ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ልዋሽዎት አልችልም።»

«ማን ዋሺ አለሽ የኔ ልጅ? ይልቅ ስለ መሳቢያው ንገሪኝ። ዘጠኙ ወፎች አይመሳሰሉም፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ጥቁር ጀርባ። ለምን አንድ ላይ ሆኑ?»

«ዘመዳሞች አይደሉም። ከዘጠኝ አገር የመጡ ናቸው። ስማቸው ብቻ ነው አንድ። አጎቴ ምን ይል ነበር መሰለዎት? ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሄድ ደረቷ የቀላ ወፍ ካየ፣ ለማያውቃት ወፍ ደጁ ላይ ትቶ የመጣትን ወፍ ስም ይሰጣታል። ስለዚህ በሥጋ ሳይሆን በናፍቆት ነው የሚዛመዱት ይል ነበር። ስም የሚጽፈው ደግሞ ከሁለት ሰው አፍ ከሰማው ብቻ ነው። አንድ አፍ ሐሜት ነው፣ ሁለት አፍ ስም ነው ይላል። ይል ነበር።»

«ሰኞ ከሻይ ጋር ምን በሉ?»

«ሰኞ ሰኞ ረዳቱ ስኳር የተነሰነሰበት ብስኩት ያመጣለታል። እኔ ከወረድኩ በኋላ ነው የሚበላው። ፍርፋሪውን ለወፏ ይሰጣታል።»

«ይህችን ወፍ ምን ትሏታላችሁ?»

«እኔና እሱ ደጃፌ ነው የምንላት። ሕፃን ሆኜ ያወጣሁላት ስም ነው። ከሰኞ ወዲህ አልመጣችም።»

መርማሪዋ ወጥታ በመተላለፊያው ላይ ፖሊሱን ያዘችው፤ የገበሬ ልጅ ነው። «እናንተ አገር እንዲህ ያለችዋን ወፍ ማን ትሏታላችሁ?»

«የዶማ ጓደኛ። መሬት ስንቆፍር ትል ለመልቀም እግራችን ሥር ትመጣለች።»

«የንጋት ፍምስ?»

«እሱ የሳሙና ስም ነው የሚመስለው» አለ ፖሊሱ።

ረዳቱ እንግዳ ክፍል ውስጥ ጥቁር ከረባት አስሮ፣ የተተኮሰ መሀረብ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የሽማግሌው እጅና እግር ሆኖ ስም ሰብስቧል። ከአራት ሺህ ካርድ ሁለት ሺህ ስድስት መቶው የእሱ ነው። መጽሐፉ በሚቀጥለው ወር ማተሚያ ቤት ይገባል፤ በሽፋኑ ላይ ከሽማግሌው ስም ቀጥሎ የእሱ ይሰፍራል።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አለ ዓይኑን እየጠረገ። መሀረቡ አልረጠበም።

«ብስኩት አመጡላቸው?»

«በዚህ ሰኞ ረሳሁ። ጸጸቱ አይለቀኝም፤ የመጨረሻቸው መሆኑን ባውቅ...»

መርማሪዋ የሽማግሌውን የኪስ ማስታወሻ አሳየችው። በመጨረሻው ገጽ ላይ የሰባት ሰዎች ስም ከነመንደራቸው ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ጎን «የለም» የሚል ቃል አለ።

«የሞቱ ወዳጆቻቸው ይሆናሉ» አለ። ይህን ሲል ግን መሀረቡን ሁለት ጊዜ አጠፈው።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪዋ ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ሽታው ግን ከመጋረጃው አልለቀቀም። ልጅቱ ከሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማለች። ጋሽ ገለባ ትል ስለገባበት ባዶ የተደረገውን መሳቢያ እያየ ያጉተመትማል።

«ከሻዩ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ እንደሚለው ብርጭቆው ውስጥ የተገኘው መርዝ በቀዘቀዘ ሻይ ላይ ተንሳፍፎ ነበር። ማንኪያው ደረቅ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ የተጨመረ ነው። ታዲያ መርዙ በምን ገባ? ይህን የነገረችኝ ወፏ ናት። ወፍ ሻይ አትጠጣም። በጉሮሮዋ የተገኘው ብስኩት፣ ስኳርና መርዝ ነው። ስኳር የመሰለው ሁሉ ስኳር አልነበረም። የሽማግሌው ልብ ደካማ ስለሆነ ሰዓት አልፈጀባቸውም፤ ወፏማ ምን አቅም አላት።»

«ጋሽ ገለባ ከገዛ ቁም ሳጥኑ መርዝ አውጥቶ ብስኩቱ ላይ ቢነሰንስበትስ?» አለ ረዳቱ በእርጋታ።

«አንተ!» ብሎ ጋሽ ገለባ ተነሳ።

«ይቀመጡ ጋሽ ገለባ። ነፃ የሚያወጣዎት ንዴትዎ ነው። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ እንዳሉ ነው የሞቱት፤ ገዳዩ ወንበሩ ከመውደቁ በፊት ብስኩቱን ሊሰበስብ ሲመጣ ወፏንም ሞታ አገኛት። በመስኮት እንዳይጥላት ልጅቱ ከሥር ልብስ ታሰጣለች፣ ጋሽ ገለባም ያያሉ። ስለዚህ ከወፎች መሃል ደበቃት። ወፍ ሰፊ ይህን አያደርግም፤ ከገዛ እጁ ሥራ መሃል ትል አያስገባም። ልጅቱም አይደለችም፤ ወንበሩ እስኪወድቅ ግቢ እንደነበረች ምስክር አላት፣ ስትደርስም በሩ ላይ ሰው ቀድሟት ቆሟል። መሳቢያውን የሚያውቅ፣ ሥጋ ግን ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው የቀረው።»

«ግምት ነው።»

«እሺ፣ ግምት ነው። ለወፏ ግን ስም ሰጥተዋታል። ዘጠኙ ወረቀት ስላላቸው እሷ ያለ ወረቀት ዓይን ትስባለች። ቸኩለው በግራ እጅዎ ጻፉ። ፊደሉን አጣመሙት፤ ስሙን ማጣመም ግን አላሰቡም፣ እጅ የለመደውን ይጽፋል። የንጋት ፍም። ቆንጆ ስም ነው። ያጠራጠረኝም ቆንጆነቱ ነው። ገበሬ የዶማ ጓደኛ ይላታል፣ ዶማው ሥር ስለምትመጣ። የንጋት ፍም ያላት ማን ነው? ማንም። ይህ ስም በአርባ ሦስት ካርዶች ላይ አለ፣ አርባ ሦስቱም የእርስዎ ናቸው። ስሙን የሰጡዎት ሰዎች ተብለው ከተጻፉት ሰባቱን ሽማግሌው በየመንደሩ ሄደው ፈለጓቸው። ትናንት እኛም ፈለግናቸው። አልሞቱም፤ አልተወለዱም። እርስዎ ክፍልዎ ተቀምጠው ስሙንም ተናጋሪውንም ፈጠሩ። አሥራ ሁለት ዓመት። እሳቸው ደግሞ ሰኞ ሊጠይቁዎት ነበር።»

ረዳቱ ሲናገር ድምፁ የታከተው ሰው ድምፅ ነበር።

«የገበሬ ወሬ ለቅሞ ማን ይከበራል? የኔዎቹ ይሻላሉ። እሳቸው እንኳ አንብበው ያደንቁ ነበር።»

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች መርማሪዋ። «አንድ እፍኝ የማትሞላ ወፍ ናት። ብስኩቱን በኪስዎ ይዘው ወጥተዋል። እሷንስ ለምን በኪስዎ አልከተቷትም?»

ረዳቱ ፊቱን አጨማደደ።

«ገና ትሞቅ ነበር እኮ» አለ። «ቀፈፈኝ።»

መርማሪዋ ፖሊሶቹን በዓይኗ ጠቀሰች፤ ልጅቱን ለቀው እሱን ያዙ። ከዚያ ወደ መታጠቢያው ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ወፏን የነካችው ሐሙስ ነበር፤ አሁን የምታጥበው ግን እሱን አልነበረም።

ስትመለስ ልጅቱ የረዳቱን ካርዶች ከመሳቢያ እያወጣች ካርቶን ውስጥ ትጨምር ነበር። ጋሽ ገለባ ሳይጠየቅ ያግዛታል።

«መጽሐፉ ይወጣል?» አለች መርማሪዋ።

«ይወጣል እትዬ። ይሳሳል እንጂ። የዶማ ጓደኛንም አስገባለሁ፤ እርስዎ ያመጡት ፖሊስ አንድ አፍ ነው፣ ትናንት ደግሞ የጎረቤታችን አትክልተኛ እንደዚያው ብሎ ነገረኝ።»

«ደጃፌስ?»

የልጅቱ እጅ ካርዱ ላይ ቆመ። «አጎቴ የገዛ ቤቴን ስም ራሴ መስክሬ አልጽፍም እያለ ሲያሳድረው ነበር። ሁለት ነበርን፤ አሁን አንድ አፍ ብቻ ቀረ።»

መርማሪዋ መስኮቱን ዘጋችላት።

መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ። በደረተ ቀይ ሥር አሥራ አራት ስሞች አሉ። ደጃፌ የሚል የለም።