በባዶው ቤት ወለል ላይ የተገኘ ውሃ

እሑድ ረፋድ ላይ ሚስተር ዊልፍሬድ ሃርግሬቭ በአንደኛው ፎቅ ባዶ ቤት፣ በመታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው በገንዳው ጠርዝ ተመትቷል፤ ወለሉም ውሃ አቁሯል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «ሽማግሌው አዳልጧቸው ነው» ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ተቃርበው ነበር።

ኢንስፔክተር ኦድሪ ስኬልተን ግን አልቸኮለችም። በጓንት እጇ ሁለቱንም ቧንቧዎች ከፈተች። ከሁለቱም የወጣው የአየር ፉጨት ብቻ ነበር። መልሳ ዘጋቻቸው።

ቤቱ በእንግሊዟ የስካርብራ ከተማ ከባሕሩ ፊት ለፊት የቆመ የቆየ ሕንፃ ነው። አራት ቦታ ተከፍሎ በሊዝ የተያዘ ሲሆን፣ ጣሪያውና ግድግዳው፣ ኢንሹራንሱም ጭምር የጋራ ነው። ባለፈው ጥር ከባዶው ቤት ውሃ አፈትልኮ ከሥሩ የሚኖሩትን የሚስ ኢኒድ ካውሊንግን ኮርኒስ ናደው። በዚህ ምክንያት ሚያዝያ ላይ የኢንሹራንሱ አረቦን እጥፍ ሆነ፤ ጎረቤቶቹም ተጣሉ። የነዋሪዎቹ ጸሐፊ የነበሩት ሃርግሬቭ «ውሉ እኩል ክፈሉ ይላል» ሲሉ፣ ኢኒድ በበኩላቸው ኮርኒሴ የተናደብኝ እኔ ሆኜ ጭማሪውን አልከፍልም አሉ።

የኢንሹራንስ ድርጅቱ ውሉን ያደሰው በአንድ ግዴታ ነበር፤ በየዓርቡ አንድ ሰው ወደ ባዶው ቤት ገብቶ ቧንቧውንና ማሞቂያውን ፈትሾ፣ በጋራው መግቢያ በተሰቀለው ካርድ ላይ ይፈርማል። ይህን ሥራ በላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ የመኪና መንዳት አስተማሪ፣ ሚስተር ሮላንድ ፒከርስጊል፣ ጭማሪው እንዲቀርላቸው ተስማምተው ያዙት።

ኢንስፔክተሯ በመጀመሪያ ያነጋገረችው ኢኒድን ነው። የሁሉም ጥርጣሬ በእሳቸው ላይ ነበር። የባዶው ቤት ቁልፍ አላቸው፤ ጠዋቱን የት እንደነበሩ የሚመሰክርላቸው ሰው የለም፤ ሐሙስ በተደረገው ስብሰባ ደግሞ በየዓርቡ ካርዱ ይፈረማል እንጂ ወደዚያ ቤት ገብቶ የሚፈትሽ ማንም እንደሌለ ተናግረው ሃርግሬቭን አዋርደዋቸዋል።

«በሕይወት እያለህ አንድ ሳንቲም አታገኝም ብዬዋለሁ፣ አልክድም» አሉ ኢኒድ። «እንዲህ በሰው ፊት ተናግሬ በሦስተኛው ቀን ብገድለው ግን ከቂልም ቂል ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሂሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ እኮ።»

የባዶው ቤት ወራሽ ግሬም ላም ከሊድስ ከተማ መጥቶ ሬሳውን ያገኘ ሰው ነው። ሲናገር ኢኒድን ቀና ብሎ አላያቸውም። ብርዱ እንደሚበረታ ስለሰማ ማክሰኞ መጥቶ የውሃውን መስመር ዘግቶ ቧንቧዎቹን እንዳንጠፈጠፈ፣ ባልዲ ይዘው የረዱትም ኢኒድ እንደነበሩ ገለጸ። ለሃርግሬቭም ቅዳሜ ማታ ሲደውሉለት ነግሯቸዋል።

የፒከርስጊል ቤት በታሸጉ ካርቶኖች ተሞልቷል። ቤታቸው ተሸጧል፤ ሰኞ ይፈራረማሉ። ማክሰኞ ዕለት ሃል ከተማ ልጃቸው ዘንድ ውለዋል።

«ሠላሳ ዓመት መንዳት ሳስተምር በየቀኑ ከሞት ጋር ስንተላለፍ ኖረናል» አሉ ሻይ እየቀዱላት። «ምስኪን ዊልፍ ግን በመታጠቢያ ቤት! ያ ቧንቧ ያንጠባጥባል ብዬ ስንቴ ነገርኩት መሰለሽ፣ የኔ እመቤት።»

ኢንስፔክተሯ ሻዩን አመስግና ወረደች፤ ካርዱንም አነበበች። በአሥር ሰዓት ሦስቱን ሰዎች በኢኒድ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«በዚያ ቤት ከማክሰኞ ጀምሮ ጠብታ ውሃ የለም» አለች። «ስለዚህ ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ከሌላ ቤት ተቀድቶ የመጣ ነው። ያፈሰሰው ሰው ሟቹ አዳልጧቸው የወደቁ እንዲመስል ፈልጓል። ቧንቧው መድረቁን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን አያደርግም። ሚስተር ላም ያውቃል፤ ያደረቀው እሱ ነው። ሚስ ካውሊንግም ባልዲውን ይዘዋል።»

ፒከርስጊል ሳቅ አሉ። ካርዱ ይታይልኝ፣ ዓርብ ዕለት ገብቼ ፈትሻለሁ አሉ።

«አይቼዋለሁ። ‹ቧንቧዎቹን ከፈትኩ፤ ውሃው በደንብ ይወርዳል› ብለው ፈርመዋል። ከደረቁ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው።»

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ኢንስፔክተሯ በዝግታ ቀጠለች። ሃርግሬቭ ካርዱን አይተው ዛሬ ጠዋት ፒከርስጊልን ወደ ባዶው ቤት ጠሯቸው። ፊርማው የውሸት መሆኑን እንጂ ቧንቧው መድረቁን አልነገሯቸውም ማለት ነው። ጸሐፊው ፍተሻው እንዳልተደረገ ለድርጅቱ ቢያሳውቁ ኢንሹራንሱ ይሰረዛል፤ ኢንሹራንስ ለሌለው ቤት ደግሞ የትኛውም ባንክ ለገዢ አያበድርም። የሰኞው ሽያጭ ቀረ ማለት ነው።

«እስከ ሰኞ ብቻ ዝም በል አልኩት» አሉ ፒከርስጊል ዝቅ ባለ ድምፅ። «እጄን ይዤ ለመንኩት። ለጎረቤቶቼ አልዋሽም አለኝ። ገፋሁት... ገንዳው መኖሩን እንኳ ረስቼው ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወጡ ግሬም ላም ለኢኒድ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉተመተመ። እሳቸውን ግን ሌላ ነገር ይዟቸው ነበር።

«ዊልፍሬድ ሐሙስ ዕለት ለዚያ ሰውዬ ጥብቅና ቆሞ ነበር» አሉ። «ቅዳሜ አንተ ጋ ምን አስደወለው?»

«ካርዱን ማመን አቃተኝ ነው ያሉኝ» አለ ግሬም። «‹ኢኒድ ያለ ነገር አትናገርም፤ እስቲ በዚህ ሳምንት እዚያ ቤት የገባ ሰው ካለ ንገረኝ› አሉኝ።»



«ከሚያዝያ ጀምሮ ሰላም አላልኩትም» አሉ ኢኒድ። «እሱ አይሰማኝም ብዬ።»