የቴይዴ ጫፍ ምሳ

አክሊል ለዕረፍት በሄደበት ደሴት የቴይዴን እሳተ ገሞራ ጫፍ ረግጦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ቁልቁለቱን ሲጀምር ወድቆ ሞተ። ልቡ ነው ተባለ። አስከሬኑ ስቶክሆልም ገብቶ ሲመረመር ግን ማንም ሐኪም ያላዘዘለት የደም ግፊት መድኃኒት በደሙ ውስጥ ተገኘ። የምሳውን ፍርፍር የቋጠረችው ሚስቱ ናዝሬት ናት፤ ሥራዋም ነርስ። ፖሊስ ነገ ጠዋት ይጠብቃታል።

ናዝሬት መቀመጥ አቅቷት የስቶክሆልም ዳርቻ በሆነው አልቢ ባለው ሳሎኗ ከመስኮት ወደ በር ትመላለሳለች። አብራቸው ተራራውን የወጣችው ጓደኛዋ ተጂቱና የደም ግፊቱን ፈርቶ በኬብል መኪና የወጣው የአክሊል ታላቅ ወንድም ባዩ ሶፋው ላይ ናቸው። ናዝሬት የጠራቻቸው ጡረተኛዋ የፖሊስ መርማሪ ወይዘሮ ምንትዋብ ሻያቸውን ያማስላሉ።

«ከአንድ ሳህን ነው የበላችሁት?»

«አራታችንም፣» አለች ተጂቱ። «ፖሊሶች ለብቻው የተሰጠው ነገር አለ ወይ ሲሉንም የለም አልን።»

«ማን አጎረሰው?»

ጉርሻን ማን ለብቻ የተሰጠ ምግብ ብሎ ይቆጥራል?

ናዝሬት መመላለሷን አቆመች። «እኔስ አላጎረስኩትም እትዬ። ያን ዕለት ጠዋት ተጣልተን ተኳርፈን ነበር። ይህን ብናገር ጠልታ ገደለችው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«እውነቷን ነው፣» አለች ተጂቱ። «አጉርሺውና ታረቁ ብዬ ብለምናት ፊቷን አዞረች። ‹እኔ አለሁልህ› ብሎ ያጎረሰው ጋሽ ባዩ ነው።»

«አክሊልስ ምን አለ?»

«‹ይፋጃል!› ብሎ ሳቀ። ፊቱን ግን ጭምድድ አደረገው።»

«ፍርፍሩ በርበሬ ነበረው?»

«አልጫ ነው፣» አለች ናዝሬት። «ተጂቱን ጨጓራዋን ያማታል።»

ወይዘሮ ምንትዋብ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እንግዲህ ስሙኝ። ከሳህኑ የበላችሁ ሦስታችሁም ደህና ናችሁ፤ መርዙ ሳህኑ ውስጥ አልነበረም። አልጫ ደግሞ አይፋጅም፤ ያ ጉርሻ ከሳህኑ አልተነሳም ማለት ነው። አዋዜ ተቀብቶ፣ ኪኒን ተደቁሶበት፣ በኪስ የመጣ ነው። አዋዜው ምሬቱን አልሸፈነውም። ግን የታላቅ ወንድሙን ጉርሻ እንዴት ይትፋው? ባዩ፣ ኪኒኑ ያንተ ነው።»

ባዩ አቀረቀረ። «በመኪና ሰው ገጭቼ መሸሼን ያውቅ ነበር። ካልተናገርክ እኔ ለፖሊስ እናገራለሁ አለኝ። የገዛ ወንድሜ!»

ወይዘሮ ምንትዋብ የጠሯቸው ፖሊሶች ይዘውት ከወጡ በኋላ ናዝሬት ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ኩርፊያዬን ትቼ ባጎርሰው ኖሮ…»

«ሊገድለው ቆርጦ ነው የመጣ ልጄ። አይቀርለትም ነበር፣» አሏት።

ልክ ናቸው። ናዝሬት ግን አልሰማቻቸውም። አክሊል ከሞተበት ቀን ወዲህ ለራሷ ስትፈራ ኖራ፣ ባሏን ገና አሁን ማልቀስ ጀመረች።