ጠሪ ሳይጠራ

«ታዲያ ማን ሊጠራልን ነው?» አለ ወንዳፈረው ጦሩን መሬት ላይ ሰክቶ። «የአደን ፈቃዱ የዛሬ ብቻ ነው። ነገ የሚገኝ ጠሪ ምን ይሠራልናል?»

ሰው ሁሉ የሚያየው የዘወትሩን ጠሪ አባባ ሽብሩን ነው። እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ቋጥኙ ሥር ቁጭ ብለዋል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። በመስቀል ሰሞን የያዛቸው ጉንፋን ድምፃቸውን ሙልጭ አድርጎ ወስዶታል። ስንት ዘመን ሸለቆውን ሲያናውጥ የኖረ ድምፅ በአደን ቀን ይጥፋ? ጉድ እኮ ነው!

ከጃጁራ ወረድ ብሎ ባለው ደን ድኩላ ያለ ጠሪ አይታደንም። አባራሪዎች ከሸለቆው ራስ ተሰልፈው እየጮኹ ይወርዳሉ፤ ጦር የያዙት ደግሞ ታች ወንዙ አጠገብ አድፍጠው ይጠብቃሉ። ጥሻው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ያደፈጠው ሰው ከአፍንጫው ፊት ካለው ቅጠል በቀር ምንም አያይም። የሚያይለት ቋጥኙ ላይ የቆመው ጠሪ ነው። ጠሪው ቀንዱን አይቶ «ወንድ ነው! በቀኝ!» ወይም «በግራ!» ይላል፤ ያኔ ጦር ይወረወራል። ጠሪ ሳይጠራ የወረወረ ሰው በአካባቢው ሁለተኛ አደን አይወጣም። ይህን ደንብ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እንኳ ሊሽረው አይችልም።

አባባ ሽብሩ ጣታቸውን ቀሰሩ። ጣቱ የሄደው ከእናቷ ከአስካለች ጋር የምሳ ቆጮ ተሸክማ ወደመጣችው የልጅ ልጃቸው ወደ ጵርስቅላ ነው።

«እሷ?» አለ ወንዳፈረው። «አባባ፣ ጉንፋኑ ጭንቅላትዎም ላይ ወጣ እንዴ?»

ጵርስቅላ ሆሳዕና ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለመስቀል ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነው የመጣችው። ክፍል ውስጥ «ሬዲዮ» ይሏታል፤ ስታንሾካሹክ እንኳ ሦስተኛው ዴስክ ድረስ ይሰማል። መዘምራን ውስጥ ሳለች ያን ድምፅ የምታወጣበት ቦታ ነበራት፤ ካድሬዎቹ አምና የቤተ ክርስቲያኑን በር ካሸጉት ወዲህ ግን ድምፁ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አያቷ ቋጥኙ ላይ ሲወጡ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አጠገባቸው እያስቀመጡ ያሳዩዋት ነበር። ሚዳቋ በምን ትታወቃለች፣ ቅጠል በነፋስ ሲነቃነቅና በእንስሳ ሲነቃነቅ ልዩነቱ ምንድነው፣ ሁሉንም ታውቃለች። ግን ሴት ልጅ ጠርታ አታውቅም።

«የማትሞክሪ ከሆነ እንበተን» አለ ረሻድ፣ የቦኖሻው ሰው፣ ደን ጠባቂው። ፈቃዱን ከሆሳዕና ያመጣው እሱ ነው። «ለሁላችሁም እንደገና ልናገር። ዛሬ ብቻ፣ ሁለት ወንድ ብቻ። ሴት ድኩላ ከተነካች፣ ሰው ከቆሰለ፣ ወይም ከወንዙ ማዶ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መሬት ከተረገጠ ደኑ ይዘጋል። ሁላችሁም ራሳችሁ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ፣ ከሰልፍ ማንም አይውጣ። ደግሞ በሥጋ እናታልለዋለን እንዳትሉ፤ እናንተ የገደላችሁትን እንደማልበላ ታውቃላችሁ!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ፤ ቀልድ የሚቀለድበት ዓመት አልነበረም። ድኩላዎቹ ማታ ማታ ከደኑ እየወጡ ባቄላውን ግጠውታል። የእነ ጵርስቅላ ማሳ ግማሹ ግንድ ብቻ ቀርቶታል። ፈቃድ ለማግኘት የገበሬ ማኅበሩ ዓመት ሙሉ ሲመላለስ ከርሟል፤ ዛሬ ከተበላሸ ሌላ ዕድል የለም።

«እሞክራለሁ» አለች ጵርስቅላ። ቆጮውን ለእናቷ ሰጥታ ቋጥኙ ላይ ወጣች።

ከላይ ሲታይ ሸለቆው ሌላ ነገር ነው። የአባራሪዎቹ ነጭ ጨርቅ ከላይ በኩል ተሰልፎ ይታያል። ታች ደግሞ የወንዳፈረውና የጓደኞቹ ነጭ ከወንዙ ዳር ብቅ ጥልቅ ይላል። ጩኸቱ ተጀመረ። ጵርስቅላ ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች።

መጣ! ጥቁር ቡናማ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ። በጥሻዎቹ መሐል ያለችውን ጠባብ ሜዳ በአንድ ዝላይ አቋርጦ ከወንዳፈረው ፊት ለፊት ያለው ጥሻ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ከዚያ ጥሻ ሲወጣ መጥራት ነው፣ አለቀ።

ጥሻው ተነቃነቀ። ቡናማ ጀርባ ብቅ አለ። ወንዳፈረው ክንዱን ወደኋላ ወጠረ፤ ጦሩ በፀሐይ አብለጨለጨ።

«ጥሪ እንጂ!» አለ ከታች። «አንቺ ልጅ፣ ጥሪ!»

ቀንዱ ሲገባ በዓይኗ አይታዋለች። ያው እሱ ነው መሆን ያለበት። ሆኖም ብቅ ያለው ጀርባ ላይ ቀንድ አልታያትም፤ አነሣሡም ዝግ ያለ ነው፣ የድኩላ አይመስልም። ሴት ትሆን? ሌላ ነገር ይሆን? አታውቅም። የምታውቀው ቀንድ አለማየቷን ብቻ ነው።

«ቁም!» ብላ ጮኸች። «ጦር አውርድ! ሁላችሁም ቁሙ!»

ድምፁ ከወዲያኛው ገደል ተላትሞ ተመለሰ። የወንዳፈረው ክንድ በአየር ላይ ቀረ። በዚህ መሐል ትልቁ ድኩላ ከጥሻው ጀርባ ፈትለክ ብሎ ወጣ፤ ወንዙን ዘለለና የአምራቾቹ መሬት ውስጥ ገባ። እዚያ ደግሞ መከተል ክልክል ነው። እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄደ!

ከታች የተነሣውን ስድብ ባትሰማው ይሻላት ነበር። «ድሮም ሴት ልጅ!» አለ አንዱ። «ፈርታ ነው! ቀንዱን እያየች!» አለ ሌላው። ወንዳፈረው ጦሩን አጠገቡ ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጵርስቅላ ግን እነሱን ማየት ትታ ነበር። ዓይኗ ጥሻው ላይ ነው። ያ ቡናማ ጀርባ በአራት እግሩ እየዳኸ ከጥሻው ወጣ፣ ጦሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ካኪ ካፖርቱን አራገፈ።

ሳህሉ ነው።

ክው አለች። የመንደሯ ልጅ ሳህሉ! ወንዳፈረው ሊወጋው የነበረው የገዛ እህቱን ልጅ ነው።

ሰዎቹ ውሃ ለመጠጣት ወደ ወንዙ ሲወርዱ ሳህሉ በሌላ በኩል ዞሮ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ካፖርቱ ወታደር ወንድሙ ለዕረፍት ፈቃድ መጥቶ ሲመለስ የተወው ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይቀር እሱን ለብሶ ነው የሚጎርረው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«በእናትሽ፣ እንዳትናገሪ» አለ።

«እዚያ ምን ልትሠራ ገባህ? ነጩስ የታለ?»

«ነጩን ድኩላው ያየዋል ብዬ ፈታሁት። መጀመሪያ ደም ያፈሰሰ ቀንዱን ይወስዳል አይደል? ስሙም እስከ ከርሞ ይዘፈናል። ፊት ፊቱ ብቀርብ…» ወደ ወንዙ ዞር ብሎ አየ። «ጵርሴ፣ ረሻድ ከሰማ አደኑን ይዘጋዋል። ባቄላችሁ አለቀለት ማለት ነው። አጎቴም ይገድለኛል።»

«ሊገድልህ እኮ ነበር፣ ጅል!»

«ዝም በይልኝ። ፈራሁ ብትይ ምን ትሆኛለሽ? ሴት ነሽ፣ ማን ይቀየምሻል?»

እዚህ ላይ ደሟ ፈላ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አዝናለት ነበር። ፈራሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ታውቃለች፤ ከቋጥኙ ትወርዳለች፣ ሌላ ሰው ይወጣል። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ወንዳፈረው ጥራ ሲለው የሚጠራ ነው። ካፖርት ለብሶ ጥሻ የሚገባ ጉረኛም አይጠፋም። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ ረሻድ ይዘጋል። የእናቷ ማሳ ግማሽ ባቄላ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ።

«አንተ ትናገራለህ» አለች። «አለዚያ እኔ እናገራለሁ። ሌላ መንገድ የለም።»

አያቷ ከቋጥኙ ሥር ሁሉንም ሰምተዋል። ሊናገሩ ቢሹስ በየትኛው ድምፅ?

ሰዎቹ ተመልሰው ተሰበሰቡ። ወንዳፈረው ገና አልበረደለትም። «በሉ ጠሪ እንቀይር» አለ። «ልጅቷን አልሰድባትም፣ ፈርታለች፣ ይገባኛል። ግን…»

«አልፈራሁም ጋሼ» አለች ጵርስቅላ። ዝግ አድርጋ ልትናገር ብትሞክርም ሬዲዮነቷ አልቀረም፤ የመጨረሻው አባራሪ ሳይቀር ዞሮ አያት። «ጥሻው ውስጥ ሰው ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ ጥሻው ዞረ።

«ማን?» አለ ረሻድ።

ጵርስቅላ ወደ ሳህሉ ዞረች። ቆማ ጠበቀች። ሳህሉ መሬት መሬት አየ፣ ሰማይ ሰማይ አየ። በመጨረሻ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ይዞ ወደፊት ወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ ለመሰማት እንኳ አስቸገረ።

ወንዳፈረው የእህቱን ልጅ አየ። ካፖርቱን አየ። ከዚያ ጦሩን የወጠረበትን ቀኝ እጁን አየው። ያ በጦሩ የሚኮራ፣ ቤቱን በቀንድ የሞላ ሰውዬ እንደ ሕፃን ልጅ ፊቱን ሸፈነ። «ጠርታልኝ ቢሆን» አለ። «አምላኬ ሆይ፣ ጠርታልኝ ቢሆን ኖሮ!» ሳህሉን አንገቱን ይዞ ጎተተው፤ ሁሉም ሊመታው ነው ብሎ ሲጠብቅ አቀፈው። ከዚያ በኋላ መታው፣ አንድ ኩርኩም፣ ግን ያን ያህል የሚያምም አልነበረም።

አሁን የሁሉም ዓይን ረሻድ ላይ ሆነ። ረሻድ ሪዙን አሻሸ።

«ሰው ከሰልፍ ወጥቷል» አለ። «ልዘጋው እችላለሁ። ግን ፈቃዱ ሰው ከቆሰለ ነው የሚለው፤ ሰው አልቆሰለም። ያልቆሰለውም በእኔ አይደለም፣ በእሷ ነው።» ወደ ጵርስቅላ ዞረ። «ሳህሉ እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። አንቺ ከጠራሽ አደኑ ይቀጥል። ሌላ ሰው ከሆነ እዘጋዋለሁ።»

«ከእሷ ሌላ ማን ሊጠራ ነው?» አለ ወንዳፈረው። ጠዋት የጠየቀውን ረስቶታል፤ ያስታወሰውም አልነበረም።

ለሁለተኛ ጊዜ ቋጥኙ ላይ ወጣች። ነጮቹን ጨርቆች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ አንድም አልጎደለ። ጩኸቱ ከሸለቆው ራስ ጀመረ። መጀመሪያ የወጣችው ቀይ ቡናማ፣ ቀንድ የሌላት ናት። «ሴት ናት! ትለፍ!» አለች ጵርስቅላ። ጦሮቹ ሁሉ ዝቅ አሉ፤ ድኩላዋ በመካከላቸው ሽው ብላ አለፈች። እንዲህ ያለ ነገር ደስ አይልም? አንዲት ልጅ ከላይ ሆና አንድ ቃል ትናገራለች፣ ታች ያለው ወንድ ሁሉ ይታዘዛል!

ከኋላዋ ሌላ ተከትሎ ወጣ። ጠይም፣ ትልቅ፣ ቀንዱ ከቅጠሉ በላይ ጎልቶ የሚታይ። ጥርጥር አልነበራትም። ከደረቷ ሥር ስባ ለቀቀችው።

«ወንድ ነው! በግራ! ጋሼ ወንዳፈረው፣ በግራህ!»

ጦሩ ሲሄድ አየችው። ድኩላው አንዴ ዘለለ፣ ሁለተኛውን ዝላይ አልጨረሰም፤ ወንዙ ዳር ወደቀ።

ሸለቆው በፉከራና በሆታ ተቀወጠ። ከቋጥኙ ጀርባ የእናቷ የአስካለች እልልታ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። እንደ ልማዱ የገዳዩን ስም ሊጠሩ ሰዎቹ ወንዳፈረውን ከበቡት፤ እሱ ግን እጁን አውለበለበ። «መጀመሪያ የጠሪዋን!» አለ። «የጠሪዋን ስም ጥሩ እላለሁ!» ስሟን ጠሩት። ጵርስቅላ የሚለው ስም ለሆታ የማይመች ስም ነው፤ ሆኖም እንደምንም አስማሙት። አንድ ዓመት ተዘግቶ የከረመ ደስታ ገነፈለ። አለቀሰችም፣ ሳቀችም። አባባ ሽብሩ ከሥር ሆነው በሌለ ድምፃቸው አብረው ይጮኹ ነበር።

«አንድ ይቀረናል!» አለ አንዱ አባራሪ። «ፈቃዱ ሁለት ነው! እንድገም!»

«እንድገም! እንድገም!»

የሁሉም ደም ሞቋል። የእሷም ሞቋል። ሁለተኛው ከተገደለ የቀረው ባቄላ ይተርፋል፤ ስሟም ሁለቴ ይጠራል። ወደ ሸለቆው ራስ ተመለከተች። ከወንዙ የተነሣ ጉም በጥሻው መሐል እየተሳበ መጥቷል። ነጮቹን መቁጠር ጀመረች፤ ከላይ በኩል ያሉትን ቆጠረች፣ መሐል ላይ ስትደርስ ጠፉባት። እንደገና ጀመረች። እንደገና ጠፉባት።

«አይታየኝም» አለች።

«ቀላል ጉም ነው፣ ያልፋል» አለ አንዱ ከታች።

«ካለፈ እጠራለሁ። ካላለፈ አልጠራም።»

ማጉረምረም ተነሣ። አያቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ እሷን ያያሉ እንጂ በአንገታቸው ምልክት እንኳ አልሰጧትም። ወንዳፈረው ቀና ብሎ ተመለከታት። ቀጥሎ ከራሱ ላይ ነጩን ፈትቶ የጦሩን ደም ጠረገና ጦሩን ትከሻው ላይ አጋደመ። ሌሎቹም እንደ እሱ አንድ በአንድ ጦራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙ።

ጉሙ አላለፈም። ጵርስቅላ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ከቋጥኙ መውረድ ጀመረች።