የመጨረሻው በር ስም ይጠይቃል

እንድታምኑኝ አልለማመጥም። የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይለፈው። ነገሩ ግን ሆኗል።

ዓመቱ 1981 ነው። ወሩ ሚያዝያ። ቦታው መካነ ሰላም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካሉት ቤቶች በአንዱ ውስጥ።

ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ...

ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ቀትር። ሰው የገዛ ጥላውን የሚረግጥበት ሰዓት። እናቶቻችን "በቀትር ወንዝ አትውረዱ" ሲሉን ለቀልድ አልነበረም።

ታሪኩ የክርስትና እናቴ የእትዬ አልጣሽ ነው። ስትነግረኝ አንድ ነገር ብቻ አስማለችኝ። "የማንንም የክርስትና ስም እንዳትጽፊ" አለችኝ። አልጽፍም።

አልጣሽ የመሪጌታ ወልደ ሚካኤል ልጅ ናት። አባትና እናቷ ተከታትለው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟ አካሉ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። እሷም ብትሆን ልጅ ነበረች። ባል ሳታገባ፣ ልብስ እየሰፋች አሳደገችው።

አካሉ ግራኝ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት "በቀኝህ ያዝ!" እየተባለ በአርጩሜ ቢገረፍም ወይ ፍንክች!

"ግትርነቱን ከኔ ነው የወሰደው" ትላለች አልጣሽ። ስትለው ትኮራለች።

በ1980 ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ወደ ግንባር ከመላኩ በፊት ደሴ ጥቂት ሳምንት አቆይተዋቸው ነበር። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ጻፈላት።

"እታለም፣ ዘይነባ የምትባል ሴት ሱቅ ውስጥ የቴሌቪዥን መጫወቻ አለ። ሾፌር ባሏ ከአሰብ ነው ያመጣላት። ካሴቱ ብዙ ነው፣ እኔ የምጫወተው ግን አንዱን ብቻ ነው። አንድ ሰውዬ ሰባት ድልድይ ተሻግሮ ቤቱ ይገባል። ስድስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ስመለስ አንቺንም አስተምርሻለሁ።"

ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ... ደብዳቤውም ቀረ።

ዓመት ሲሞላው አልጣሽ ደሴ ወረደች። ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች።

"ጠብቂ" አሏት።

"እስከ መቼ?"

"ጠብቂ ተብለሻል!"

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ የሄደችው ወደ ዘይነባ ሱቅ ነው። ሴትየዋ ገና ስታያት ደነገጠች።

"የአካሉ እህት ነሽ? ያ አላህ! ቁርጥ እሱን!"

አስቀመጠቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"በማግስቱ ሊጭኗቸው፣ ዋዜማውን መጣ። ሰባተኛውን ድልድይ ተሻገረ። ሰውየው በሩ ላይ ሲደርስ መሣሪያው ስም ጠየቀው።"

"ጻፈለት?"

"ጻፈለት። 'መጠሪያ ስሜን መንግሥት መዝግቦታል፣ ለዚህኛው ሌላውን ልስጠው' ብሎ ሳቀ። በሩ ተከፈተ... ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሰውየው ለማንም አልታዘዝ አለ። ሌሎቹ ካሴቶች ደህና ናቸው። ይቺን ሲከቷት ግን መጀመሪያው ድልድይ ላይ ቆሞ... ዝም።"

ውጭ የቀትሩ የዙሁር አዛን ተሰማ። አልጣሽ በእጅ የሚያዘውን መጫወቻ አንስታ ቁልፉን ተጫነች።

ሰውየው ዞሮ አያት።

ከዚያ መራመድ ጀመረ።

ዘይነባ ወደ ኋላዋ ሸሸች። "ወላሂ ለኔ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም!"

"ሽጪልኝ።"

"እህቴ፣ እኔ ገደል ልጥለው ነው የማስበው።"

"የኔ ወንድም ነው የጠፋው። ሽጪልኝ።"

"ሌሎቹንስ ካሴቶች?"

"ለራስሽ። እኔ ይቺን ብቻ ነው የምፈልገው።"

የልብስ መኪናዋን ሸጠች። መሣሪያውን ከትንሿ ቴሌቪዥን ጋር ገዝታ በአውቶብስ መካነ ሰላም ገባች። በመኪና ባትሪ ነው የሚሠሩት፤ ባትሪውን ወፍጮ ቤት ያለው ፈንታው ዘንድ ታስሞላለች።

አገሩ አወራ። "ያቺ የመሪጌታ ልጅ አበደች! እንጀራዋን ሸጣ የልጅ መጫወቻ ገዛች!"

"በገዛ መኪናዬ ማን አገባው" አለች። ለማንም አላስረዳችም።

ጠዋት ስትከፍተው ሰውየው አይንቀሳቀስም። ማታም አይንቀሳቀስም። ልክ ቀትር ሲሆን ግን ዞሮ ያያታል። በቀን አንድ ድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያ ይቆማል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምንም የተለየ ነገር አላየችም።

በሦስተኛው ቀን ድልድዩ መሀል ላይ ቆሞ ወደ ኋላው አየ... ወደ ኋላ የሚያሳይ ቁልፍ ግን መሣሪያው የለውም።

በአምስተኛው ቀን ጥላውን አየች። ሥዕሉ ውስጥም ፀሐይ አናት ላይ ናት። የሱ ጥላ ግን ረጅም ነው፤ ድልድዩን አልፎ ማዶ ድረስ ተዘርግቷል። እሱ እግሩን ሲያነሳ ጥላው አያነሳም።

"የመሣሪያው ብልሽት ነው" አለች ለራሷ። ወንበሯን ግን ወደ ኋላ ሳበች።

በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር ነበር። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ጎረቤቷ እንቁ ያለ ምክንያት ዱቄት ይዛላት መጣች።

"ለምን?"

"እንዲሁ..." አለች እንቁ፣ ዓይኗን ሰብራ።

በኛ አገር ሞት መጀመሪያ የሚሰማው ጎረቤት ነው፤ ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው። አልጣሽ ይህን ታውቃለች። ዱቄቱን መለሰችላት።

በስድስተኛው ቀን አጎቷ ቄስ ላቀው መጡ። ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ... የአካሉ ክርስትና ስሙ ማን ነበር?"

"ለምን ፈለጉት?"

"ለጸሎት ነዋ።"

"ለየትኛው ጸሎት?"

አካሉ ክርስትና ሲነሳ እሳቸው ጎጃም ቅኔ ቤት ነበሩ። ያጠመቁት ቄስም ሞተዋል፣ የክርስትና አባቱም ሞቷል። ስሙን ከልጁ ከራሱ ሌላ የምታውቅ አልጣሽ ብቻ ናት። ያለዚያ ስም ደግሞ ፍትሐት አይደረስም።

"አልሰጥም" አለች።

"አልጣሽ..."

"አልሰጥም አልኩ፣ አባቴ! በቁሙ አታስፈቱትም።"

በማግስቱ ቀትር ሰውየው ሰባተኛውን ድልድይ ተሻገረ። በሩ ላይ ደረሰ።

አልጣሽ በሩን አወቀችው።

ከታች በዘይት ቆርቆሮ የተለጠፈ ነው። ቆርቆሮው ተንጋዷል፤ አካሉ ነው በልጅነቱ አንጋዶ የመታው። የራሷ ቤት በር ነው... አሁን ከጀርባዋ ያለው።

ሥዕሉ ሥር የፈረንጅ ፊደላት ተደረደሩ። ባዶ መስመር ብልጭ ድርግም ይላል። ስም ጠየቃት።

ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፣ ፊደሉን ታውቀዋለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ሄደ...

እናቷ ትዝ አለቻት። "የክርስትና ስም ለካህን ነው የሚነገረው። ስምህን ያወቀ ነፍስህን ጨበጠ" ትል ነበር።

የእጅ መጫወቻውን ወረወረችው።

"አንተ አካሉ ከሆንክ ስምህን ታውቀዋለህ! ራስህ ጻፈው!"

ሰውየው በሩን እንዳየ ቆመ። ጀርባውን ሰጥቷት።

በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሯ ተንኳኳ። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው።

ቄስ ላቀውና አራት ሽማግሌዎች፣ ጋቢ እንደተከናነቡ። ከኋላቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አልጣሽ እጇን መቃኖቹ ላይ ዘርግታ በሩን ዘጋችው።

"ልጄ፣ እንግባና..."

"እዚያው ይናገሩት።"

"መለሰ የሚባል ቁስለኛ ከግንባር ወደ አገሩ ወግዲ ተመልሷል። ከአካሉ ጋር ነበር። አይቶታል።"

"ሬሳውን አየ?"

"ሲወድቅ አየው።"

"የወደቀ ሁሉ አይሞትም!"

አንዲት ሴት እዬዬ ልትል ስትል አልጣሽ ጣቷን ቀሰረችባት። "በኔ ደጅ እንዳታለቅሺ! እንዳትሞክሪው!"

ቄስ ላቀው አንድ እርምጃ ቀረቡ። "ሞቶ ከሆነስ? ነፍሱን ታጉላያለሽ። ስሙን ስጪን።"

"ካሻዎ ይገዝቱኝ። ስሙን አልሰጥም።"

ፀሐይ እስክትወጣ ቆሙ። በመጨረሻ አንድ በአንድ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግማሹ አገር እንደ እብድ፣ ግማሹ እንደ ጨካኝ ያያት ጀመር። እሷም አላጎነበሰችላቸውም።

ያን ቀን ባትሪው ቤት ውስጥ አልነበረም። ባለወፍጮው ፈንታው ዘንድ ሊሞላ ሄዶ ነበር።

ቀትር ሲሆን ቴሌቪዥኑ በራ።

አልጣሽ ገመዱን አየችው። ጫፉ ባዶውን መሬት ላይ ወድቋል።

ባዶው መስመር ላይ አንድ ፊደል ወጣ። ቀጥሎ ሌላ... የፈረንጅ አይደለም፣ የኛው ፊደል ነው። መሣሪያው የኛን ፊደል ከየት አመጣው?

ስሙ ሞላ። የአካሉ የክርስትና ስም። አንዲት ፊደል አልተሳሳተም።

"አለ! ወንድሜ አለ!"

እልል አለች። ጎረቤት "ለይቶላት አበደች" ብሎ ሮጦ መጣ፣ እሷ ግን በሩን ቆልፋ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

ከዚያ ሰውየው በሩን ሊያንኳኳ እጁን አነሳ።

ቀኝ እጁን።

እልልታዋን አቋረጠች። አካሉ ግራኝ ነው። የዘይነባ ነገር አሁን ገባት... "ሌላውን ልስጠው ብሎ ሳቀ።" አካሉ ዋዜማውን የሰጠው የክርስትና ስሙን ነበር። ነገርየው ስሙን ማወቁ አካሉ ለመሆኑ ምስክር አይሆንም።

ቀና ስትል ከአካሉ ስም ሥር አዲስ መስመር ተከፍቷል። አንዲት ፊደል ወጥታ ቆማለች። የራሷ የክርስትና ስም የሚጀምርባት ፊደል ናት። አልጣሽ ስሟን በሕይወት ካሉት ሰዎች ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገረችው።

ለአካሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያውን በመጥረቢያ ይከሰክሰው ነበር። አልጣሽ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ስሜን ከሱ ነው የሰማኸው" አለችው በሹክሹክታ። "ስለዚህ አንተ ዘንድ አለ። ገና ይናገራል ማለት ነው። እዚሁ ነኝ፤ ወዴትም አልሄድም!"

ደርግ ወደቀ። ቄስ ላቀው ሞቱ። በየጥቂት ዓመቱ፣ በሚያዝያ፣ አንዳንድ ፊደል ይጨመራል። ለአካሉ እስከ ዛሬ ፍትሐት አልተደረሰለትም።

ባለፈው ሚያዝያ ልጠይቃት ሄድኩ። ሽበቷ ሙሉ ነው፣ ዓይኗ ግን ያው የጥንቱ። ቀትር ሲሆን ጋቢውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ገለጠችው። ባትሪ የለ፣ መብራት የለ... በርቷል።

ሰውየው ዛሬ በሩን አያይም። ወደኛ ዞሯል።

"አንዲት ፊደል ቀርታኛለች" አለችኝ።

"ስትሞላስ?"

"በሩ ይከፈታላ።"

"እትዬ፣ እሱ እኮ አካሉ አይደለም!"

"አይደለም። ይህን ካወቅኩ ሠላሳ ምናምን ዓመቴ። ግን ወንድሜን የት እንዳደረሰው የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? በሩ ሲከፈት እገባለሁ። ይዤው እወጣለሁ። ይሞክረኝ!"

ኮራሁባት። እውነቴን ነው፣ ከመፍራቴ ይልቅ ኮራሁባት።

ከዚያ እንደ ቀትር ጸሎቷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት ጠጋ አልኩ።

ከሷ ስም ሥር... ሦስተኛ መስመር ተከፍቷል።

አንዲት ፊደል አለችበት።

የኔ የክርስትና ስም የሚጀምረው በዚያች ፊደል ነው። እናቴ ሞታለች፣ ያጠመቁኝም ሞተዋል። ስሜን የምታውቀው በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ያነሳችኝ ብቻ ናት።

ዞሬ አየኋት።

ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ግን የለውም።

መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠግቷል።